እያሳቅኋት ወደ ለቅሶ

ሰው ሲከፋው ማየት አልችልም። ይህን የምለው ራሴን ለማመስገን አይደለም፤ እንደ በሽታ ነው የያዘኝ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ፊቱን ካጨለመ "ምነው፣ ምን ሆንክ?" ሳልል አልወርድም። የማላውቀው ሕፃን መንገድ ላይ ሲያለቅስ ካየሁ አንስቼ አቅፈዋለሁ፤ በዚህ የተነሳ አንዴ እናቱ ሌባ ብላ ልትጮህብኝ ነበር። ነፍሷን ይማርና እናቴ "አንች ልጅ የራስሽ ሆድ የለሽም፣ የሰው ሆድ ተሸክመሽ ነው የምትዞሪው" ትለኝ ነበር። እሷ ስትቆጣኝ ነው እንዲህ የምትለው፤ እኔ ግን እንደ ምርቃት እቀበለው ነበር።

ሰብለ እባላለሁ። ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም ሳይርቅ ትንሽ ጸጉር ቤት አለችኝ። ተማሪዎቹ ጸጉር ሊሠሩ ይመጣሉ፣ ጓደኛቸውን ያማሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ፣ አንዳንዴ ጸጉሩን ረስተውት ይሄዳሉ። አንዷ ደግሞ ሹሩባ እየሠራኋት ከስልኳ ላይ ጥያቄ እያነበበች ባሕሪዬን መረመረችኝ። ብቻሽን መሆን ትወጃለሽ? አልወድም። ሰው ሲያለቅስ ታለቅሻለሽ? ሳልጠየቅም አለቅሳለሁ። በመጨረሻ "ተግባቢ፣ የሰው ስሜት ቶሎ የሚገባት፣ ሰውን ደስ ለማሰኘት የተፈጠረች" የሚል ውጤት ወጣልኝና በሳቅ ሞትን። እንደዚያ ነበርኩ። እንዳልሳቅ ያደረገኝን አንድ ቀን ላጫውታችሁ።

የምኖረው ቁስቋም ነው። አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ እትዬ የሺ ትባላለች። ሃምሳውን አልፋለች፤ ባሏ ሞቷል፤ አንድ ልጇ ሄኖክ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። እናቴ ከሞተች ወዲህ እናቴ እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። እኔ ከሥራ ስገባ በአጥሩ ላይ "መጣሽ?" ትለኛለች፤ እኔም የቀኑን ወሬ ሁሉ እዚያው ቆሜ ዘርግፌላት ነው ቤቴ የምገባው። ሳቋ ያምር ነበር። መጀመሪያ ትከሻዋ ይስቃል፣ ከዚያ ነው ድምፅ የሚወጣት።

እትዬ የሺ ከሁሉ የምትወደው ታናሽ ወንድም ነበራት። ሞላ ይባላል። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ከዳባት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ መንደር እያረሰ ይኖር ነበር። በዚያ ዓመት የበኩር ልጁን ሊድር ሽማግሌ ተቀብሎ "ቀን ሲቆረጥ ሰው እልክብሻለሁ" ብሏት ስለነበር ሌላ ወሬ አልነበራትም። በዚያ ሰሞን በነሱ በኩል ስልክ አይሠራም፤ ስለዚህ በየቀኑ በር በሩን ታያለች።

ወሩ ጥር ነው። ጠዋት ወደ ጸጉር ቤቴ ልወጣ በሬን ስከፍት አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበው ቆመዋል። አያ ታከለ ናቸው፤ የሞላ ሚስት አጎት። ባለፈው ዓመት ከእትዬ የሺ ጋር ለአመት በዓል ወደዚያ ስንሄድ ነው የተዋወቅነው።

"አያ ታከለ! እንደምን አደሩ! ምነው በጠዋቱ? የእትዬ የሺ በር እኮ ያኛው ነው፣ ረሱት እንዴ?" አልኩ እየሳቅሁ።

"አልረሳሁትም ልጄ። ወዳንች ነው የመጣሁት።"

ሳቄ ፊቴ ላይ ቀረ። በኛ አገር ሰው ከሩቅ መጥቶ የዘመዱን በር አልፎ የጎረቤት በር ካንኳኳ ምን ይዞ እንደመጣ ሳይነገር ይታወቃል።

"ማን ነው?" አልኩ።

"ሞላ።"

ከአጥሩ ወዲያ እትዬ የሺ ግቢዋን ስትጠርግ መጥረጊያው ይሰማል። አያ ታከለ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝና በሹክሹክታ ነገሩኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከማሳ ሲመለስ ደረቴን አለ፤ ተቀመጠ፤ ውሃ እስኪያመጡለት አልጠበቀም።

"እዚህ ብንነግራት ያን ሁሉ መንገድ እንደምን አድርጋ ትችለዋለች?" አሉኝ። "የደም ግፊቷን ታውቂ የለም? ባሏ የሞተ ዕለት ወድቃ ሐኪም ቤት አይደል ያደረች? ሽማግሌዎቹ እኔ ቤት ተቀምጠው ይጠብቋታል። ቤቴ ከመንደሩ መግቢያ ነው። እዚያ ቁጭ ብላ፣ ውሃ ቀምሳ፣ በወገኗ መሀል ትሰማለች። ቀብሩም እሷን ይጠብቃል።"

"እስከዚያስ ምን እንበላት?"

"ትንሽ አሞታል እንላለን። ኋላ ያለውን አንች ታውቂበታለሽ። እኔ ቤት እስክንደርስ አጫውቻት። ባለፈው አገሩን ሁሉ በሳቅ ስትገድዪው አልነበር?"

በዚያ ሰዓት እንኳ፣ ለዚህ የተመረጥኩት እኔ በመሆኔ ትንሽ ኩራት ብጤ ተሰምቶኛል። ከኔ የተሻለ ማን ይይዛታል? ማን ያውቃታል? አልቅሼ ፊቴን ታጠብኩና ተከተልኳቸው።

እትዬ የሺ መጥረጊያዋን እንደያዘች በሩን ከፈተች። አያ ታከለን አየቻቸው። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

"ኧረገኝ! አያ ታከለ! ቀን ተቆረጠ በሉኛ!"

አያ ታከለ አፋቸውን ከፈቱ። "ትንሽ አሞታል" የምትለዋ ቃል ከንፈራቸው ላይ ደርሳ ሳለ ዞር ብለው አዩኝ። እትዬ የሺም አየችኝ። ፊቷ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። እኔ ደግሞ ሰው ፊቱ ሲበራ ፊቴ አብሮ ይበራል፤ አላዘውም፣ አልከለክለውም። ፈገግ አልኩ።

ሌላ ምንም አላልኩም። አንዲት ቃል አልወጣኝም። ለሷ ግን ያ ፈገግታ በቂ ነበር። ሁለታችንንም ባንድ ላይ አቅፋ መዝለል ጀመረች።

አያ ታከለ ደጅ ሲወጡ ተከተልኳቸው። "እንዴት እንሁን?" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ይሁን ልጄ" አሉ። "ከሕመሙ ወሬ ይህ ይሻላል። ደስ ብሏት ትምጣ።"

እኔም ተመስገን አልኩ። ቢያንስ መንገዱን አትጨነቅም ብዬ።

ነገር ግን ደስ ያለው ሰው ዝም ብሎ ተነስቶ አይሄድም። ትንሽ አሞታል ብንላት ኖሮ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትወጣ ነበር። አሁን ሳጥኗን ከፈተች። ለጥምቀት ብቻ የምትለብሰውን ባለ ጥልፍ ቀሚስ አወጣች። ለሙሽራዋ ያስቀመጠችውን ሽቶና ነጠላ፣ ለሞላ ለሰርጉ የገዛችለትን ጥቁር ኮት በፌስታል ቋጠረች። ከዚያ በርጩማ ሳበችና ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች።

"በይ ጸጉሬን ስሪኝ። እንዲህ ተንጨባርሬ ሰርገኛ ፊት አልቀርብም።"

"ይመሽብናል እትዬ፣ እዚያው ስንደርስ..."

"ባለሙያ ጎረቤት ይዤ? ከፊት ከፊቱን ብቻ። ቶሎ በይ።"

ሠራሁላት። የሥራ ዘመኔን ሁሉ ጸጉር ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ዕለት የከበደኝ የለም። እሷ ስለ ሞላ ታወራለች። ልጅ ሆኖ ኩፍኝ ሲይዘው ጨለማ ቤት ውስጥ አቅፋው መክረሟን፣ አድጎም ጭፈራ እንደማያውቅ፣ በራሷ ሰርግ ላይ እግሩን እንዴት ያነሳ እንደነበር። ትከሻዋ በሳቅ ሲነቃነቅ ጸጉሯ ከጣቴ ያመልጣል። ይህን ጸጉር ነገ እንደሚላጩት አውቃለሁ። እህት ናታ፤ ያውም እናቱም እሷ።

"ምነው እጅሽ ቀዘቀዘ?" አለችኝ።

"ውሃ ነክቼ ነው።"

"ጠበቅ አድርጊው እንጂ። እስከ ሰርጉ ይቆይ።"

ጠበቅ አደረግሁት።

መናኸሪያ ስንደርስ ሚኒባሱ ሞልቶ ሊወጣ ነበር። አያ ታከለ ፊት ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ እኔና እሷ ከመሀል። ሾፌሩ የወሩ ነገር ሆኖ የሰርግ ዘፈን ከፍቷል። ከተማውን ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር እትዬ የሺ አብራ ታንጎራጉር ጀመር። ከኋላ ያለ አንድ ጎልማሳ "እናት፣ ሰርግ ነው እንዴ የሚሄዱት?" አላት።

"የወንድሜ ልጅ! የሞላዬ ልጅ!" አለች፤ ያ መኪና ሙሉ ሰው እንኳን ደስ ያለሽ አላት።

ከዚያ ማን ይቻላት። ድምፅዋን ለቀቀችው። ሰው ያጨበጭባል። እኔን በክርኗ ጎሸም አድርጋ "ምነው ዛሬ ደከምሽብኝ? ተቀበይኝ እንጂ!" አለች። ተቀበልኳት። አጨበጨብኩ። መሳቅ ከጀመርኩ ደግሞ እኔ ግማሽ አላውቅም፤ ቀልድ ጨመርኩበት፣ የሾፌሩን አንገት አወዛወዝ እያስመሰልኩ ሰውን አሳቅሁ። አሁን ሳስበው የሚያስፈራኝ አንድ ነገር አለ። መሀል ላይ ጥቂት ጊዜ፣ ምናልባት አንድ ዘፈን እስኪያልቅ፣ የሞላን መሞት ረስቼው ነበር። እውነተኛ ሳቅ ነው የሳቅሁት። ወደ ፊት ሳይ የአያ ታከለ ጋቢ ጆሯቸውን ሸፍኖታል።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ አንድ ሰው ወርዶ አንዲት ሴት ተሳፈረች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሾፌሩ ለቅሶ የምትሄድ መሆኗን አይቶ ዘፈኑን ቀነሰው። ሴትየዋ ወደ ውስጥ ስትገባ አያ ታከለን አየችና ቆም አለች። ታውቃቸዋለች። አፏን ስትከፍት እሳቸው ራሳቸውን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ነቀነቁ። ዞራ እኛን አየች። የእትዬ የሺን ጥልፍ ቀሚስ፣ አዲሱን ሹሩባ አየች። ገባት። ከጎናችን ባለው ወንበር እንደ ዕቃ ተቀመጠች።

እግዚአብሔር ሆይ፣ እትዬ የሺ አታናግራት አልኩ። እትዬ የሺ ግን ከኔ ብትብስ እንጂ የማታንስ ሰው ናት፤ ያዘነ አይታ አታልፍም።

"ነፍስ ይማር እህቴ" አለቻት። "ማን ሞቶባችሁ ነው?"

ሴትየዋ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። "የ... የሩቅ ዘመድ ነው" አለች በመጨረሻ።

"በሽማግሌነቱ ነው?"

"የለም። ገና ነበር።"

"ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር" አለች እትዬ የሺ ከልቧ። "ልጆች አሉት?"

ሴትየዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና መንሰቅሰቅ ጀመረች። እትዬ የሺ ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ሰጠቻት፤ ጀርባዋን እያሻሸች "አይዞሽ፣ እግዜር ያጽናችሁ፣ ልጆቹን ያሳድግላችሁ" አለቻት። የገዛ ወንድሟን ነፍስ ይማር እያለች፣ የገዛ ወንድሟን ልጆች እየመረቀች ነው። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ገብሱ የታጨደበት ሜዳ እንባዬ ውስጥ ይዋኛል።

"አንች ደግሞ!" አለችኝ፣ እንባዬን አይታ። "ሆደ ቡቡ! የማታውቂውን ሰው ታለቅሻለሽ። በይ ተይ፣ ዛሬ የደስታችን ቀን ነው።"

ዳባት ስንወርድ አያ ታከለን በክንዳቸው ስቤ ከሰው ገለል አደረግኋቸው።

"እንንገራት። አሁን እዚህ እንንገራት። አልቻልኩም።"

"ሰው በሚረግጠው መንገድ ላይ?" አሉኝ። አልተቆጡም፤ ዓይናቸው ቀልቷል። "ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ያን ሁሉ ችለሽ የቀረችውን ትንሽ አቃተሽ? እኔ ቤት ልጄ። እኔ ቤት።"

ባጃጅ እስከሚችለው ድረስ ወሰደን። ከዚያ በእግር ነው። ነፋሱ ይገርፋል። አያ ታከለ በአቋራጭ ቀድመው ሽማግሌዎቹን ሊያዘጋጁ ሄዱ። "ቀስ እያላችሁ ኑ፣ ቀጥታ እኔ ቤት" አሉን። "ምነው እሳቸው ቤት? መጀመሪያ ሞላ ቤት ነው እንጂ" አለች እትዬ የሺ። "እህል ሊያቀምሱን ይሆናል" አልኩ። ያቺን ውሸት በቃሌ ነው የዋሸሁት። ከጠዋት ጀምሮ በአፌ የዋሸሁት ስለ ውሃው፣ ስለ እህሉ ብቻ ነው። ትልቁን ውሸት የዋሸሁት በፊቴ ነበር።

አፋፉ ላይ ስንደርስ መንደሩ ከታች ተዘርግቶ ታየ። የሞላ ቤት ቆርቆሮው ያበራል። ከፊቱ ድንኳን ተጥሏል። ነጫጭ የለበሰ ሰው ግቢውን ሞልቶታል።

ይህን አላሰብንም። እኔም አላሰብኩት፣ አያ ታከለም አላሰቡት። በኛ አገር ድንኳኑ አንድ ነው። ለሰርግም የሚጣለው፣ ለለቅሶም የሚጣለው ያው የዕድሩ ድንኳን ነው፤ ነጠላውም ያው ነጭ ነው። ከሩቅ አይለይም።

"አንች ሰብለ!" አለች እትዬ የሺ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። "ድንኳን! ድንኳን ጥሎ ነው የጠራኝ! ለካ የተቆረጠው ቀን ዛሬ ኖሯል? ይህ ሞላ የሚሉት ጉድ፣ ሊያስደነግጠኝ!"

"እትዬ..."

አልሰማችኝም። ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ከአፋፉ ጫፍ ቆመች፣ ራሷን ወደ ኋላ ጣል አደረገችና እልል አለች።

ረጅም እልልታ ነበር። እሷ እልልታ ታውቅበታለች፤ ቁስቋም ለንግሥ ስትል ሰው ዞሮ ነው የሚያያት። ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ ገደሉን መታና ተመለሰ። ከታች ያ ሁሉ ሰው ባንድ ላይ ተነሳ። ፊቶች ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ። ከዚያ ጸጥ አለ።

እትዬ የሺ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ጠበቀች። እልልታ በእልልታ ይመለሳል።

"ምነው አልመለሱልኝም?" አለች። "አልሰሙኝም መሰል።"

ለሁለተኛው ትንፋሿን ስትስብ ዘልዬ አፏን በመዳፌ ያዝኩት።

ያንን ያህል ቅርብ ሆኜ ሰው ዓይን ውስጥ አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ የጨዋታ መሰላት፤ ከመዳፌ ሥር ከንፈሯ ሲስቅ ተሰማኝ። ከዚያ ቀስ እያለ ሳቁ ከመዳፌ ሥር ጠፋ። የዚያን ጊዜ ከታች የሴቶች ጩኸት ተነሳ። እጄን ከአፏ ላይ ራሷ አነሳችው።

"ማን ነው?"

"ሞላ።"

አልወደቀችም። ሁላችንም የፈራነው መውደቋን ነበር፤ እሷ ግን ቆመች። ከታች ጩኸቱ እየጨመረ ነው፤ ሰዎች ዳገቱን እየሮጡ ወደኛ ይወጣሉ። እሷ እኔን ብቻ ነው የምታየው።

"ጠዋት ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ጸጉሬን ስትሠሪኝ?"

"አዎ እትዬ።"

"ነፍስ ይማር ስል?"

"አዎ።"

ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም። ጣቶቿን ወደ ራሷ ሰደደችና ሹሩባውን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች። ጠበቅ አድርጌው ስለነበር ቶሎ አልፈታ አላት፤ ትጎትተዋለች። ልረዳት እጄን ዘረጋሁ፤ በክርኗ መለሰችው። "እትዬ፣ እኔ እኮ..." ስላት "ዝም በይልኝ" አለች። ቁጣ አልነበረበትም። ጸጉሩን ከፈታች በኋላ የለበሰችውን ባለ ጥልፍ ቀሚስ እንደ አዲስ አየችው። ከፌስታሉ የሞላን ኮት አውጥታ በላዩ ላይ ለበሰችና እስከ አንገቷ ቆለፈችው። እጅጌው ከጣቶቿ አልፏል። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ከዚያ የሚመጡትን ሰዎች ሳትጠብቅ ወደ ታች ሄደች።

ተከተልኳት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያ ሁሉ መንገድ፣ ዝም አልኩ።

ለቅሶውን ብዙ አልተርክም። አስከሬኑ ላይ ቆማ "በእልልታ መጣሁልህ ወንድሜ፣ ለሞትህ እልል አልኩልህ" እያለች ደረቷን ስትመታ የማያለቅስ አልነበረም። ቀሳውስቱ ፍታቱን ፈቱ፣ ቀበርነው። በማግስቱ ጸጉሯን ተላጨች። ምላጩን የያዘችው ሌላ ሴት ናት።

ሁሉም አመሰገኑኝ። የሚገርመው ይህ ነው። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እጄን ይዘው "ጎበዝ ልጅ፣ ሳትወድቅ አደረስሽልን" አሉኝ። ቁስቋም ስመለስም ጎረቤቱ "አንች ባትኖሪ መንገድ ላይ ትቀር ነበር" አለኝ። እውነት ሊሆን ይችላል። እስከ ዛሬ አላውቅም። የነገርኳት እዚያው በራችን ላይ ቢሆን ኖሮ ወድቃ ይሆን? ወይስ ያን መንገድ ሁሉ አቅፌያት እያለቀሰች ትሄድ ነበር? ሌሊት ስነቃ የማስበው ይህንን ነው። የሚሰማኝ ግን ጩኸቱ አይደለም። የሚሰማኝ ከእልልታው በኋላ የመጣው ጸጥታ ነው፤ "ምነው አልመለሱልኝም?" ስትል።

እትዬ የሺ አልተጣላችኝም። እርም ካወጣች በኋላ እንደ ድሮው "መጣሽ?" ትለኛለች። ምግብ ትልክልኛለች። አንድ ቀን ቤቷ ገብቼ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል አስቆመችኝ። "አልተቀየምኩሽም" አለችኝ። "የላኩሽን ነው ያደረግሽው። እኔም ባንች ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።" አመንኳት። አብረን አለቀስን። ሁሉ ነገር ወደ ቦታው የተመለሰ መሰለኝ።

እናንተ እንደኔ ሰው የምትወዱ፣ የሰው ፊት ሲጠቁር የማይሆንላችሁ፣ ገብታችሁ ቀልድ የምትጨምሩ፣ እናንተን ነው የማዋያችሁ። ለሰው እናዝናለን እንላለን። እናዝናለንም። ግን ብዙ ጊዜ የምንሮጠው ከሰውየው ኀዘን ለራሳችን ለማምለጥ መሆኑን አላውቅም ነበር። ያን ጠዋት የሷን ፊት ያዳንኩ መሰለኝ፤ ያዳንኩት የራሴን ዓይን ነው፤ ስትሰበር እንዳላይ። አሁንም ለመርዶ ይጠሩኛል፤ ስሜ ወጥቷላ። እሄዳለሁ። "ግን አላጫውትም" እላቸዋለሁ። "ባለ ኀዘኗ ብትጠይቀኝ እነግራታለሁ፤ ከዚያ አጠገቧ እቀመጣለሁ።" አንዳንዶቹ ይተውኛል፤ አንዳንዶቹ እሺ ይላሉ። ጸጉር ቤቴም ውስጥ የምታለቅስ ልጅ ስትመጣ ቶሎ አላስቅም። ጸጉሯን እየሠራሁ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ። እንዲህ ቀላል ነገር መማር ለኔ ስንት ፈጀብኝ።

ተምሬያለሁ፣ ተለውጫለሁ፣ አልፏል ብዬ ነበር። ባለፈው ፋሲካ ሄኖክ እናቱን ሊጠይቅ ከአዲስ አበባ መጣ። ለአጎቱ ቀብር አልደረሰም፤ የመንገዱንም ነገር ማንም አልነገረውም። እናቱ ጓዳ ሰሃን ስታጥብ እኔና እሱ ደጅ ተቀምጠን ስንጫወት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሰብለ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እማዬ ደህና ናት?"

"ደህና ናት፣ ምነው?"

"እንጃ። አንዳንድ ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ትደውላለች። ምን ሆንሽ ስላት ምንም የለም ትላለች። 'ሰብለ ዛሬ ግቢዋ ውስጥ በጣም እየሳቀች ነው፣ ልጄ አንተ ደህና ነህ ወይ?' ትለኛለች። ደህና ነኝ ስላት ማልልኝ ትለኛለች። ምን ማለቷ ነው?"

ከጓዳው የሰሃኑ ድምፅ ይሰማል። በርጩማዬን ወደሱ ሳብኩና ነገርኩት። አያ ታከለ በሬ ላይ ከቆሙበት ጠዋት፣ ከፈገግታዬ ጀምሬ፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኩት።